«ሰው አሮጌውን ያድሳል፣ አንቺ ይበልጥ ታስረጂዋለሽ?»

ውድ አማካሪ፣

ጤና ይስጥልኝ። ነገሬ ስለ ዕቃ ስለሚመስል ይንቁብኛል ብዬ እየፈራሁ ነው የምጽፈው። እኔ ግን እንቅልፍ አጥቼበታለሁ።

ካገባሁ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። በቅርቡ ሰፋ ወዳለ የኪራይ ቤት ገባን። ቤቱ ሰፋ እንጂ ኪሳችን አልሰፋም። አዲስ ዕቃ መግዛት የማይታሰብ ስለሆነ ያገለገሉ ዕቃዎችን እየፈለግሁ መግዛት ጀመርኩ። ስልኬ ላይ የማያቸው ፎቶዎች ልቤን ወስደውታል። ፈዘዝ ያለ ነጭ ወይም ውሃ ሰማያዊ የተቀቡ ናቸው። ጠርዝ ጠርዛቸው ላይ ቀለሙ ለቆ እንጨቱ ብቅ ብሏል። ብዙ ዘመን የኖሩ ይመስላሉ። የኔም ቤት እንደዚያ እንዲሆን ፈለግሁ።

አሁን ኮሪደራችን ውስጥ ቀለም ነክቷቸው የማያውቁ ሁለት የእንጨት ወንበሮች፣ የመስታወት ፍሬም፣ ባለ ሦስት መሳቢያ የቺፑድ ሣጥን፣ የቆርቆሮ ባልዲና ቀለሙ የተቀረፈ አሮጌ የመስኮት ፍሬም ተደርድረዋል። አንዱም አላለቀም። የጀመርኩት አብሬ የገዛሁትን አንድ ጠረጴዛ ብቻ ነው። በወፍራም አረንጓዴ ቀለም የተለበጠ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁት። ከዚያ ነጭ ቀባሁት፣ ከዚያ ደግሞ እንደገና ፈገፈግሁት። ድመት የቧጨረው መሰለ።

እናቴ ልትጠይቀኝ መጣችና ቆማ አየችው። «ሰው አሮጌውን ያድሳል፣ አንቺ ይበልጥ ታስረጂዋለሽ? እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት እኮ ከዚህ ላወጣሽ ነው» አለችኝ። ብዙም ሳትቆይ ሄደች።

የባሰው ግን የአባቴ ኮመዲኖ ነው። አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመት አለፈው። ሳገባ እናቴ ከአልጋው አጠገብ የነበረውን ኮመዲኖ ሰጠችኝ። ጠቆር ያለ ቡኒ ነው፤ ላዩ ላይ የብርጭቆ ክብ ምልክት አለው፤ አንዱ መሳቢያ ይነክሳል። ከሌሎቹ ጋር እንዲሄድ ነጭ ልቀባውና ጠርዙን ላስረጀው አሰብኩ። በስልክ ስነግራት ዝም አለች። ቆይታ «እንደፈለግሽ» ብላ ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ንግግራችን ሁሉ አጭር ነው።

ባለቤቴ «የወደድሽውን አድርጊ» ይላል። ማታ ማታ ግን ኮሪደሩ ውስጥ እየተደናቀፈ ሲተነፍስ እሰማዋለሁ። የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ልጄ ሳይመጣ ሁሉም ተሠርቶ እንዲያልቅ እፈልጋለሁ። ኮመዲኖውን ልቀባው ወይስ ልተወው? ሥራውንስ ልቀጥል ወይስ እናቴ እውነቷን ነው?

ኮሪደር የጠበባት

*

እህቴ፣

ነገርሽን አልናቅሁትም። ደብዳቤሽን ሁለቴ አንብቤ ሁለቴም የከበደኝ እናትሽ «እንደፈለግሽ» ብለው ስልኩን የዘጉበት ቦታ ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ያለፍሽውን ላንሳ። ነፍሰ ጡር ነሽ፤ አሮጌ ወፍራም ቀለም ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ ፈግፍገሻል።

እባክሽ መፈግፈጉን ከዛሬ ጀምሮ አቁሚ። አሮጌ ቀለም ውስጥ እርሳስ፣ ማለትም ሊድ የሚባለው ብረት ሊኖር ይችላል። ቀለሙ እንዲደምቅ፣ ቶሎ እንዲደርቅና እንዲበረክት ሲባል ለብዙ ዘመን ይጨመር ነበር። አሜሪካ ለቤት በሚሆን ቀለም ውስጥ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ዛሬም ድረስ ጠበቅ ያለ ሕግ የሌላቸው አገሮች አሉ። ስለዚህ ያገለገለ ዕቃ የገዛ ሰው፣ የት እንደተቀባና መቼ እንደተቀባ ካላወቀ፣ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል ብሎ ቢጠነቀቅ ነው የሚሻለው። ቀለሙ ሳይነካ ሲቀመጥ ብዙም አያሰጋም። የሚያሰጋው ሲፈገፈግ የሚወጣው ብናኝ ነው። ብናኙ ወለል ላይ ይቀመጣል፣ ልብስ ላይ ይይዛል፣ በትንፋሽና በእጅ ወደ ሰውነት ይገባል። ከእናት ወደ ጽንስም ያልፋል።

ይህን የምልሽ እንድትደነግጪ አይደለም። የጠረጴዛሽ ቀለም እርሳስ ይኑረው አይኑረው ከዚህ ሆኜ ማወቅ አልችልም። ግን ማወቅ ይቻላል። በሚቀጥለው የእርግዝና ክትትልሽ፣ ከተቻለም ከዚያ በፊት፣ የሆነውን ለሐኪምሽ ንገሪያቸው። በደም ምርመራ ይታወቃል። ጠረጴዛውን ባለቤትሽ በፕላስቲክ ጠቅልሎ ከመኖሪያ ክፍሎቹ ያውጣው። ወለሉ አይጠረግ፤ መጥረጊያ ብናኙን መልሶ ያስነሳዋል። በሳሙና ውሃ በራሰ ጨርቅ ይወልወል፣ ጨርቁም ይጣል። ይህንንም ባለቤትሽ ይሥራው። ስትፈገፍጊ የለበስሽውን ልብስ ለብቻው እጠቢው። ያ የተቀረፈ የመስኮት ፍሬምም አብሮ ይውጣ። ከዕቃዎችሽ ሁሉ እሱ ነው ይበልጥ የሚያሳስበኝ፤ ቅርፊቱ ማንም ሳይነካው በራሱ ይረግፋላ።

አሁን ወደ እናትሽ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እናትሽ ያደጉበት ቤት ውስጥ ምን ምን ዕቃ እንደነበረ ታውቂያለሽ? ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ? ደብዳቤሽ ውስጥ ያለችው ዓረፍተ ነገር፣ «ከዚህ ላወጣሽ ነው» ያሏት፣ ብዙ የምትናገር ይመስለኛል። ለአንቺ የተላጠ ቀለም ማለት ስልክሽ ላይ ያየሽው ደስ የሚል ፎቶ ነው። ለእሳቸው ደግሞ መቀቢያ ያልነበረበት ዘመን ሊሆን ይችላል። እንግዳ ሲመጣ በጨርቅ የሚሸፈን ወንበር ሊሆን ይችላል። ልጅ እያለሽ አዲስ ነገር እንድትቀመጪበት ሲሉ ምን እንደቀረባቸው አታውቂም። ያንን መልክ አንቺ ወደሽና መርጠሽ ስታመጪው ድካማቸው ሁሉ ውሃ ወቀጣ የሆነ መሰላቸው። ይህ ግምቴ ነው። እውነቱን የሚያውቁት እሳቸው ናቸውና ጠይቂያቸው።

አንቺም አላጠፋሽም። በትንሽ ገንዘብ፣ በገዛ እጅሽ፣ ለሚመጣ ልጅ ቤት ማሰናዳት ልብ የሚያሞቅ ነገር ነው። ሰው የጣለውን ዕቃ ማንሳትም ዓይን ይጠይቃል። ደግሞም ልብ ብለሽ ካየሽው አንቺም እናትሽም የምትፈልጉት አንድ ነው፤ ያማረ ቤት።

በአንድ ነገር ግን ከእናትሽ ጋር እስማማለሁ። ሁሉም ነገር የተላጠበት ቤት የደከመ ቤት ይመስላል። ዕድሜ ጠገብ መልክ የሚያምረው አጠገቡ ንጹሕና ሙሉ ነገር ሲኖር ነው። በእኔ ዓይን ለአንድ ክፍል አንድ ዕቃ፣ ቢበዛ ሁለት ይበቃል። የታጠበ መጋረጃ፣ የተወለወለ ወለል፣ ከዚያ አንድ ያረጀ መስታወት። እንዲህ ሲሆን ሆን ተብሎ የተመረጠ መሆኑ ይታያል።

ጠረጴዛሽ ለምን ድመት የቧጨረው እንደመሰለ ልንገርሽ። ዛሬ ቤትሽ ውስጥ ብዙ ያገለገለ አንድ በር ፈልጊና ቀረብ ብለሽ እይው። ቀለሙ የለቀቀው በእጀታው ዙሪያ ነው፣ አውራ ጣት በሚያርፍበት በኩል ይበልጥ። ታች ደግሞ እጁ የሞላበት ሰው በእግሩ የሚገፋበት ጥግ ላይ። መሐሉ ግን እንዳለ ነው። ወንበርም እንደዚያው ነው። የፊተኛው አግዳሚ እግር ስለሚያርፍበት ይላጣል፤ የመደገፊያው ጫፍ ሰው ይዞ ስለሚስበው ይላጣል። ሁለቱ ጎኖች እኩል አያረጁም፤ አብዛኛው ሰው የሚጠቀመው በቀኝ እጁ ነው። አንቺ ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር እኩል ፈገፈግሽው። እጅ ያልደረሰበት ቦታ ሲያረጅ ዓይን አይቀበለውም። ስለዚህ ማንኛውንም ዕቃ ከመጀመርሽ በፊት ለአፍታ ተጠቀሚበት። ተቀመጪ፣ ክፈቺ፣ ጎትቺ። እጅሽ የነካበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጊበት። ማስረጀት ያለብሽ እዚያ ብቻ ነው።

አሮጌ ቀለም ሳይፈገፈግም ይህን መልክ ማምጣት ይቻላል። አንዱ መንገድ ደረቅ ብሩሽ ነው። በመስታወት ፍሬሙ ጀምሪ፤ ትንሽ ስለሆነ በአንድ ከሰዓት ያልቃል። ቀለሙ ያልተቀረፈና ጠንካራ መሆኑን አይተሽ በሳሙና ውሃ አጽጂውና ይድረቅ። ብሩሹን ጫፉን ብቻ ነጭ ቀለም ውስጥ ንከሪ። ከዚያ ቀለሙን አሮጌ ጨርቅ ላይ ጥረጊው፣ ብሩሹ ባዶ ነው እስኪመስልሽ ድረስ። በዚያ ደረቅ ብሩሽ ፍሬሙን ዳሰስ ዳሰስ አድርጊው። ቀለሙ ከፍ ያሉትን መስመሮች ብቻ ይይዝና ጎድጓዳዎቹ ጠቆር ብለው ይቀራሉ። አየሽ፣ ምንም አልተፈገፈገም። ቢበዛብሽ ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ታነሽዋለሽ። ለአንቺ አሁን ከሁሉም የሚሻለው ይህ ነው።

ሁለተኛው ሻማ ነው። ለወንበሮቹ ይሆናል፣ ቀለም ነክቷቸው አያውቁምና። መጀመሪያ ጠቆር ያለ ቀለም ይቀባሉ። በደንብ ሲደርቅ፣ በጠመኔ ምልክት ባደረግሽባቸው ቦታዎች ብቻ ሻማ ታሻሽባቸዋለሽ። ከዚያ ፈዘዝ ያለውን ቀለም ከላይ ትቀቢያለሽ። ሰም ያለበት ቦታ ላይ ቀለሙ አይጣበቅም። ሲደርቅ ሻካራ ጨርቅ አሽተሽ ወይም በፕላስቲክ ጠርዝ ጫር ጫር አድርገሽ ታነሽዋለሽ፤ ታችኛው ቀለም ብቅ ይላል። የሚነሳው አዲሱ ቀለም ብቻ ስለሆነ ያኛው ዓይነት ስጋት የለበትም። ወንበሮቹን ወደ ቤት ዘልቀው ከመግባታቸው በፊት ግን ገልብጠሽ መገጣጠሚያቸውን በባትሪ እይ። ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ የትኋን ምልክት ነው። ትኩስ የእንጨት ዱቄት የሚያፈስ ቀዳዳ ካለ ደግሞ ነቀዙ አሁንም ውስጡ ነው።

ቀለም ላይ ብዙ አታውጪ። አንድ ቆርቆሮ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም ይበቃል። ነጩ ላይ ጠብታ ቡኒ ስትጨምሪበት ያ ፎቶ ላይ ያየሽው ፈዘዝ ያለ ነጭ ይሆናል። የጠመኔ ዓይነት ደብዛዛ መልክ ከፈለግሽ፣ አንድ እጅ ጄሶ በአንድ እጅ ውሃ እንዳይጓጉል አማስይና ሦስት እጅ ቀለም ጨምሪበት። ጄሶው ቶሎ ስለሚጠነክር የዕለቱን ያህል ብቻ አዘጋጂ። ዱቄቱን ባለቤትሽ ያማስለው። በውሃ የሚሟሟ ቀለም ብቻ ተጠቀሚ፣ መስኮት ይከፈት፣ ሽታው ከከበደሽ ተዪው። ገንዘብ ማውጣት ያለብሽ መጨረሻው ላይ ነው። ጥሩ ሰም ወይም በውሃ የሚሠራ ቀለም አልባ ቫርኒሽ ካልተቀባበት እጅና ውሃ በአጭር ጊዜ ያበላሹታል። ሲነኩት በሰዓታት ውስጥ የደረቀ ይመስላል፤ እስከ ልቡ እስኪጠነክር ግን እስከ አንድ ወር ሊወስድ ይችላል። እስከዚያ ከባድ ነገር አታስቀምጪበት።

አንድ ጊዜ ጠቆር ያለ የእንጨት ሣጥን ነጭ ቀብቼ ነበር። ሁለት ጊዜ ደረብኩ፣ አማረ። በሁለት ሳምንቱ ቡኒ እድፍ ከሥር እየሰረገ ወጣ። ብደርብም ብደርብም ወጣ። የእንጨቱ ራሱ ጭማቂ ነበር፤ አንዳንድ እንጨት እንደዚያ ነው። እሱን የሚገታው ከቀለሙ በፊት የሚቀባ፣ እድፍ የሚይዝ ፕራይመር ነው። ይህን የማነሳልሽ በአባትሽ ኮመዲኖ ምክንያት ነው። ጠቆር ያለ ቡኒ ነው ብለሻል። አንዴ ነጭ ከተቀባ መመለስ ከባድ ነው፤ ቀለሙ እንጨቱ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል።

ስለዚህ መልሴ፣ ኮመዲኖውን አትቀቢው። ቢያንስ እስከ ዓመት አትንኪው። እናትሽ ስላዘኑ ብቻ አይደለም የምልሽ። ሌሎቹ ዕቃዎች ላይ በብሩሽና በሻማ ልታመጪ የምትለፊበት ነገር እሱ ላይ አለ። ያ የብርጭቆ ክብ ምልክት በየማታው አንድ ቦታ ላይ ከተቀመጠ ብርጭቆ የመጣ ነው። የማን እጅ እንዳስቀመጠው ታውቂያለሽ። በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ጥረጊው፣ ወዲያው አድርቂው፣ ስስ ሰም ቀቢና በለስላሳ ጨርቅ ወልውይው። የሚነክሰው መሳቢያ የሚንሸራተትበት እንጨት ላይ ሻማ አሺበት፤ ይለቃል። ሌላ ምንም አያስፈልገውም። ነጭ ከሆነው መስታወት ሥር ሲቀመጥ ጠቆር ማለቱ ያምርበታል እንጂ አይጋጭም።

የቀሩትን በአጭሩ ልበልሽ። የቺፑድ ሣጥኑን ለማስረጀት አትሞክሪ። ከላዩ ቆዳ ሥር ያለው የታመቀ ሰጋቱራ ነው፤ ሲላጥ የተሰበረ ዕቃ ይመስላል። ንጹሕ አድርገሽ እንዳለ ተጠቀሚበት። ግን ከግድግዳ ጋር ይታሰር። ልጅ መሄድ ሲጀምር መሳቢያ ስቦ ይወጣል፣ ሣጥኑም ይገለበጣል። ባልዲው ለአበባ ይሁን። ለሕፃኑ አልጋ ደግሞ አሮጌ ቀለም ያለበት ዕቃ በፍጹም አትግዢ። ያገለገለ የሕፃን አልጋ ካገኘሽ በርብራቦቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ6 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ለኪው።

ባለቤትሽ «የወደድሽውን አድርጊ» ሲል እውነቱን ነው ብዬ አምናለሁ። ሲተነፍስም እውነቱን ነው። ዛሬ ማታ አብራችሁ ኮሪደሩን አስለቅቁት። ከዚያ አንድ ስምምነት ያዙ። አንድ ዕቃ ሳያልቅ ሌላ አይገዛም፣ ለሥራም በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ይወጣል። ርካሽ ዕቃ ሲደረደር ዓይን አዋጅ ይሆንና አንዱንም ሳይጨርሱ ገንዘቡ ያልቃል። ደግሞ ሁሉም ከልጅሽ በፊት ማለቅ የለበትም። መስታወቱና ሁለቱ ወንበሮች ካለቁ ለአሁኑ ይበቃሻል።

ከሁሉ በፊት ግን ለእናትሽ ደውዪ። በስልክ ለማስረዳት አትሞክሪ፣ ፎቶም አትላኪላቸው። «ኮመዲኖውን አልነካውም፤ መሳቢያው ግን ይነክሳል፣ መጥተሽ አብረን እንየው» በያቸው። ሲመጡ ስለ ክቡ ምልክት ጠይቂያቸው፤ አባትሽ መሳቢያው ውስጥ ምን ያስቀምጡ እንደነበርም ጠይቂ። ዝም ብለሽ አዳምጪ። ስለ ወንበሮቹ ሐሳብ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ከላይ የሚቀባውን ቀለም እሳቸው ይምረጡ። ፍጹም የማትወጂውን ቀለም ቢመርጡ እንኳ አንደኛው ወንበር እሱን ይቀባ፤ ወንበሮቹ ሁለት ናቸው።

የምርመራው ውጤት ሲመጣ ጻፊልኝ። እናትሽ የመረጡትንም ቀለም ንገሪኝ።